በአውድማ ላይ የተቆጠረ ብረት፦ ከልብ ቀዶ ሕክምና በፊት ስለሚታከም ደም ማነስ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ስለ ልብ ቀዶ ሕክምና እናገራለሁ ስል አንዳንዶቻችሁ ብትደነቁ አይፈረድባችሁም። የዛሬው ርእሴ ልቡ የሚቀደድለት ሰው ደሙ አንሶ ሲገኝ ብረት በደም ሥሩ እየሰጡ አስቀድሞ ስለማዘጋጀት ነው። ይህ ጉዳይ የሐኪሞች ብቻ ይመስላል። ሆኖም በስተጀርባው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀ የአገራችን የአስተሳሰብ ታሪክ አለ። የዚያ ታሪክ መነሻም እኛ ከምናውቀው ቦታ፣ ከአውድማ ነው።

ያደግሁት በሀብሩ ነው። ከመርሳ እስከ ጊራናና ውርጌሳ ባለው አገር፣ የጤፍ አዝመራ ሲደርስ የሚሆነውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ይደርቃል፤ ነዶው ይበተንበታል፤ በሬዎች ዙሪያውን እየዞሩ ያበራዩታል። ከዚያም በመንሽና በላይዳ እያነሱ ለነፋስ ይሰጡታል። ገለባውና እብቁ በነፋስ ይሄዳል። የጤፉ ቅንጣት ግን እጅግ ደቃቅ ስለሆነች ከአፈሩ ብናኝ ጋር አብራ ትቀራለች። ያ አፈር ደግሞ ብረት አለው። የዛሬው ንግግሬ ጭብጥ ከዚህች ቅንጣት ይጀምራል፤ በገበታ ላይ ያለ ብረት ሁሉ በደም ውስጥ ያለ ብረት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1958 የአሜሪካ መንግሥት የሥነ ምግብ አጥኚ ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። የቡድኑ ሪፖርት በማግሥቱ ዓመት ታተመ። ሪፖርቱ ከያዛቸው ግኝቶች ሁሉ አንባቢን ያስደነቀው ኢትዮጵያዊው በቀን የሚበላው የብረት መጠን ነው። በሌላው ዓለም የአንድ አዋቂ ሰው የዕለት ፍላጎት ከ8 እስከ 18 ሚሊ ግራም ሲባል፣ በእኛ ገበታ ላይ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ ግራም ተለካ። እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። የፋፋን ዱቄት ያወጣልን፣ ዛሬ በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ የተጠቃለለው ተቋም ይህ ነው። በዚያው በ1968 ስዊድናዊው የሕፃናት ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር የኢትዮጵያውያንን ደምና ከፍተኛ የብረት አወሳሰዳቸውን የሚመለከት ሰፊ ጥናት አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ መሐሪ ገብረ መድኅንና ባልደረቦቹ ያወጡት ጽሑፍ በርእሱ ጭምር በኢትዮጵያ የነፍሰ ጡሮች ደም ማነስ ብርቅ መሆኑን ተናገረ።

እነዚህ ሥራዎች የተከበሩ ናቸው። ዛሬም ቢሆን የምናነባቸው በአክብሮት ነው። ነገር ግን ከእነርሱ የወጣው የወል ድምዳሜ ከጥናቶቹ ራሳቸው የሰፋ ሆነ። «ኢትዮጵያ የብረት አገር ናት፤ ጤፍ የሚበላ ሰው ደሙ አያንስም» የሚል እምነት ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከመምህር ወደ ተማሪ ተላለፈ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ሰምቼ አምኜ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1980 በስራትና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ የጤፍን የብረት ይዘት እንደገና መረመሩት። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ ይህ ብረት የጤፉ ነው ወይስ የአፈሩ? ከአፈር የጸዳው ጤፍ ሲለካ የተጋነነው የብረት መጠን ወደ ሌሎች እህሎች ደረጃ ተጠጋ። ትርፉ የአውድማው ነበር ማለት ነው። የአፈር ብረት ደግሞ በአብዛኛው በአንጀት በኩል በቀላሉ የሚያልፍ ዓይነት አይደለም። ከጤፉ የሆነውንም ብረት ቢሆን በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት ይይዘዋል፤ እርሾው ሲያቦካው ጥቂት ያላላዋል። ከምግብ በኋላ የምንጠጣው ቡናም የብረትን መመጠጥ ይቀንሳል። ወሎ ላይ ቡና ሦስት ጊዜ እንደሚፈላ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቁጥሮች የድሮውን እምነት የሚያጸኑ አልሆኑም። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል ደም ያነሳቸው እ.ኤ.አ. በ2005 27 በመቶ፣ በ2011 17 በመቶ፣ በ2016 24 በመቶ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናትማ በ2016 ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደም አንሷቸው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ጀማል ሃይደር ባሳተመው ጥናት ከተመረመሩት ሴቶች ግማሽ ያህሉ የብረት እጥረት እንዳለባቸው ታይቷል፤ ቆይተው የተደረጉ ጥናቶች ያነሰ ቁጥር አግኝተዋል። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ሆኖም «ብርቅ ነው» የሚለው ቃል ተመልሶ የሚጸናበት መንገድ የለም። እንደ ሀብሩ ቆላ ባለ አካባቢ ወባና የአንጀት ትል ሲጨመሩበት፣ ደም የሚያንስበት ምክንያት ከአንድ በላይ ይሆናል።

በዚህ ላይ ሌላ ችግር አለ፤ እርሱም የመለኪያው ችግር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ያልሆነችን ሴት ደም አንሷታል የሚለው ሄሞግሎቢኗ በዴሲ ሊትር ከ12 ግራም ሲያንስ ነው፤ ወንድን ከ13 ሲያንስ። ከፍ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው ግን ደሙ እንደሚወፍር ስለሚታሰብ ወለሉ ከፍ ይደረጋል። በቀድሞው ሠንጠረዥ ለ2,000 ሜትር የሚጨመረው 0.8 ግራም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው መመሪያ ጭማሪውን ከፍ አደረገው። ወልድያ በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እንግዲህ 12.5 ያላት አንዲት የወልድያ ሴት ሠንጠረዡ ሲጨመርባት ታማሚ ናት፤ ሳይጨመርባት ጤነኛ ናት።

ይህ ሠንጠረዥ የተሠራው በአብዛኛው ከሌሎች አገሮች ተራሮች በተገኘ መረጃ ነው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮችን ለኩ። የወንዶቹ አማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ነበር። ይህ በባሕር ጠለል ከሚኖር ሕዝብ ደም ጋር የሚቀራረብ ነው። የአንዲስ ተራራ ነዋሪ ደም ሲወፍር፣ የእኛ ደገኛ ደም አልወፈረም። ታዲያ ለሌላው የተቆረጠው ልብስ ለእኛ ልክ ይሆናል ወይ? ጥያቄው ገና ክፍት ነው። ለታሪክ ሰው የሚነግረው ግን ግልጽ ነው፦ ቁጥር የሚናገረው የት፣ በማን ላይና እንዴት እንደተለካ ሲታወቅ ነው።

አሁን ወደ ልብ እንሂድ። በአገራችን ወጣቶችን ለልብ ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉ ሕመሞች ዋናው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ከዓመታት በኋላ የልብን ቫልቭ ያበላሻል። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለው ታማሚ መዳኛው ውጭ አገር ብቻ ነበር። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን መሠረቱ፤ ከሃያ ዓመት ጥረት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከሉ ተከፈተ። በአገር ውስጥ ልብ መቅደድ ተቻለ፤ ወረፋው ግን ከአቅሙ በላይ ረዘመ።

እንበልና አንዲት የሃያ ዓመት ወጣት ከጊራና ተነሥታ፣ በመርሳና በወልድያ ተመርምራ፣ ቫልቭ ያስፈልግሻል ተብላ ስሟ አዲስ አበባ ወረፋ ላይ ተመዘገበ። ከወልድያ አዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እርሷ ግን የምትጠብቀው መንገዱን ሳይሆን ወራቱን፣ አንዳንዴም ዓመታቱን ነው። ሄሞግሎቢኗ 9 ነው። በመጠበቂያው ጊዜ ምን ይደረግላታል? ብዙ ጊዜ መልሱ «ትጠብቅ» የሚል ነው። የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። የመጠበቂያው ጊዜ ባዶ ጊዜ መሆን የለበትም።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1953 ጆን ጊቦን በልብና በሳንባ ፈንታ ደምን የሚያዘዋውር ማሽን ተጠቅሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካ ቀዶ ሕክምና አደረገ። ይህ ማሽን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቱቦዎቹ በፈሳሽ ይሞላሉ፤ ፈሳሹ ከታማሚው ደም ጋር ሲቀላቀል ደሙን ያቀጥነዋል። በ13 የገባ ሰው ይህን ይችለዋል። በ9 የገባ ሰው ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ የሌላ ሰው ደም ይፈልጋል። ደም ለጋሽ ደግሞ እንደ ውኃ የሚቀዳ አይደለም። የደም ባንክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ መንግሥት ሲዛወር ዋናው ጭንቀት ይኸው እጥረት ነበር። ለዘመናት ቤተሰብ በየዘመዱ ደጅ እየዞረ ምትክ ደም ሲለምን አይተናል። ለዚህች ወጣት ሳይሰጥ የተረፈ አንድ ከረጢት ደም፣ በወሊድ ጊዜ ለምትደማ አንዲት እናት ይደርሳል።

«ታዲያ የብረት ክኒን ትዋጥ» ትሉ ይሆናል። የብረት ሕክምና ረጅም ታሪክ አለው። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ሐኪም ሲደናም የብረት ፍቅፋቂ በወይን ዘፍዝፎ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1832 ፈረንሳዊው ብሎ ስሙን የያዘውን ክኒን አወጣ። ክኒን ርካሽ ነው፤ ለነፍሰ ጡሮቻችን ዛሬም በየጤና ኬላው የሚሰጠው እርሱ ነው፤ ሊነቀፍም አይገባውም። ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። ጋንዞኒ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ቀመር፣ 50 ኪሎ የምትመዝንን ሴት ከ9 ወደ 13 ለማድረስና ጥቂት ክምችት ለመተው 980 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አንድ ግራም ገደማ ብረት ያስፈልጋል። 60 ሚሊ ግራም ብረት ካለው ክኒን አንድ አሥረኛው ቢመጠጥ በቀን 6 ሚሊ ግራም ነው። በየቀኑ ሳታጓድል ብትውጥ ከአምስት ወር በላይ ይፈጅባታል።

ይህም አንጀቷ በሩን ከከፈተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 ተመራማሪዎች በጉበት የሚመረት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን አገኙ። ሰውነት ሲቆጣ፣ ኢንፌክሽን ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ሲኖር፣ ሄፕሲዲን ከፍ ይልና ብረት ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፍበትን በር ይዘጋል፤ በጎተራ ያለውንም ብረት ይቆልፋል። ልቡ የደከመ ሰው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ልባቸው የደከመ 225 ሰዎችን በአፍ በሚወሰድ ብረት ሞክሮ ጥቅም አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን በ459 ተመሳሳይ ሕሙማን ላይ በደም ሥር የተሰጠው ብረት የሕመም ስሜታቸውን አሻሽሎ ነበር። ታሪኩ ራሱን ደገመ፤ በገበታ ላይ ያለ ብረት በደም ውስጥ እንዳልሆነ ሁሉ፣ የተዋጠ ብረትም ሁልጊዜ በደም ውስጥ አይደለም።

በደም ሥር መስጠትም ቢሆን ያለ ዋጋ የመጣ ጥበብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1932 ሂዝ፣ ስትራውስና ካስል በመርፌ የተሰጠ ብረት ወደ ሄሞግሎቢን እንደሚለወጥ በልኬት አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1946 ግን ብረትን በብዛት በደም ሥር የሰጡ ሐኪሞች ብርቱ የመመረዝ ምልክት አዩ፤ ያልተሸፈነ ብረት ለደም መርዝ ነውና። በማግሥቱ ዓመት ኒሲም ብረቱን በስኳር ሸፍኖ መስጠት እንደሚቻል አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1954 የብረት ዴክስትራን መጣ። ብዙዎችን ረዳ፤ ጥቂቶችን ደግሞ በድንገተኛ የአለርጂ ድንጋጤ ቀጠፈ። ከዚህ የተነሣ ለረጅም ዘመን ሐኪሞች ብረትን በደም ሥር ለመስጠት ሲፈሩ ኖሩ። ፍርሃቱ የረገበው ደኅንነታቸው የተሻለ እንደ አይረን ሱክሮስ ያሉ ዝግጅቶች ሲስፋፉና፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በአውሮፓ ፈቃድ ያገኘው ፌሪክ ካርቦክሲማልቶስ እስከ አንድ ግራም በአንድ ቀጠሮ ለመስጠት ሲያስችል ነው። አሁንም ቢሆን ታማሚው ከተሰጠው በኋላ ለግማሽ ሰዓት በዓይን ይጠበቃል፤ ንቁ ኢንፌክሽን ላለበትም አይሰጥም።

በቀዶ ሕክምና በፊት ስለመስጠቱ ያለው ማስረጃ ምን ይላል? ታማኝ ልሁን፤ የተደባለቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዙሪክ የተሠራ ጥናት ለልብ ቀዶ ሕክምና የተዘጋጁ 505 ሰዎችን መርምሮ፣ በዋዜማው የተሰጠ ሕክምና የደም ልገሳን ፍላጎት እንደቀነሰ አሳየ። ነገር ግን የተሰጠው ብረት ብቻ ሳይሆን ኤሪትሮፖይቲን፣ ቫይታሚን ቢ12 እና ፎሊክ አሲድ ጭምር ነው፤ ምስጋናውን ለብረት ብቻ መስጠት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ደግሞ ለከባድ የሆድ ቀዶ ሕክምና የተዘጋጁ 487 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ብረቱ ሄሞግሎቢንን ከፍ ቢያደርግም ደም የመውሰድን ወይም የሞትን መጠን እንዳልቀነሰ አገኘ። ብረት መቅኔው ደም እስኪሠራበት ሳምንታት ይፈልጋል፤ የደም ማነሱ ምክንያት ብረት ካልሆነ ደግሞ ጨርሶ አይረዳም።

እንግዲህ ብረትን ለሁሉ አፍስሱ ማለት አይደለም ነገሬ። የድሮው ስሕተታችን ብረት በገበታ ስላየን ሁሉም ሞልቶለታል ማለታችን ነበር። አዲሱ ስሕተት ደግሞ ደም ያነሰው ሁሉ ብረት ጎድሎታል ማለት ይሆናል። ሁለቱም የሚድኑት በአንድ መድኃኒት ነው፤ ሰውየውን ራሱን በመለካት። ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ የብረት ክምችትን ይነግረናል። ሰውነት ሲቆጣ ግን እርሱም በሐሰት ከፍ ስለሚል፣ ትራንስፌሪን ምን ያህል ብረት እንደተሸከመ አብሮ ማየት ያሻል። ከልጅነቱ ልቡ ቀዳዳ ኖሮት ከንፈሩ የሚጠቁር ሕፃን ደግሞ የበለጠ ያስተምረናል። ሄሞግሎቢኑ 16 ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱን ያየ ሁሉ «ደሙ ሞልቷል» ይላል። ግን ኦክስጅን ለሚያንሰው ለእርሱ 16 ጥቂት ሊሆን፣ ብረቱም ተሟጦ ሊገኝ ይችላል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አዲስ አበባ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም። ልብ መቅደድ አዲስ አበባ ይሆናል፤ ደም መሙላት ግን ወልድያ ሊሆን ይችላል። ወረፋ የተመዘገበ ታማሚ በተመዘገበበት ቀን ደሙ ቢለካ፣ ወባውና ትሉ ቢታከም፣ የወር አበባዋ የሚበዛባት ብትጠየቅ፣ ጊዜ ካለ ክኒን፣ ጊዜ ካጠረ ወይም ክኒን ካልሠራ የደም ሥር ብረት ቢሰጥ፣ በቀጠሮዋ ቀን በ9 ሳይሆን በ12 ወይም በ13 ትገባለች። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የአካባቢያችን ጤና ተቋማት መዘረፋቸውንና መጎዳታቸውን አልዘነጋሁም። የፌሪቲን ምርመራ በየቦታው አለ ብዬ አልነግራችሁም። ግን የሚጎድለው መሣሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሸክሙ ቀላል ነበር። ከመሣሪያው በፊት የጎደለው፣ መጠበቅ ራሱ የሕክምና ጊዜ ነው የሚለው ሐሳብ ነው።

ለተማሪዎች አንድ አደራ ትቼ ላብቃ። ዩኒቨርሲቲያችን በወልድያ ሐኪም ያስተምራል፤ በመርሳ የግብርና ሰው ያስተምራል። ሲሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም ከደጃችን ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ በሬው በመውቂያ ማሽን፣ አውድማው በሸራ እየተተካ ነው። የአፈሩ ብረት ከእንጀራችን ሲቀንስ በደማችን ላይ ምን ለውጥ ያመጣ ይሆን? ምናልባት ምንም፤ ምናልባትም ብዙ። የመርሳው ተማሪ ጤፉን፣ የወልድያው ተማሪ ደሙን ቢለካና ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት የተጀመረውን ጥያቄ በራሳችን አገር፣ በራሳችን ሰው ላይ እንመልሰዋለን።

አባቶቻችን እህል ሳይሰፈር ጎተራ ሞላ አይሉም ነበር። እኛም ደሙ ሳይለካ ሰው ሞላ አንበል።